የተሰበሩት ጽላቶች፦ የነቢያት ቁጣና ሰብዓዊ ድካም በቅዱሳት መጻሕፍት አተራረክ

ይህ የትምህርት ክፍላችን መጽሔት እንጂ የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ አይደለም፤ ታዲያ ሙሴና ዮናስ እዚህ ምን ይሠራሉ ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔም ርዕሱን ስመርጥ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ሆኖም በሥነ ጽሑፍ ኮርሳችን ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ስንማር አንድ ነገር ተደጋግሞ ተነግሮናል፤ ድካሙ ያልተነገረን ባለ ታሪክ ሰው ሆኖ አይታየንም፣ የግድግዳ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። በዚህ መለኪያ ከታየ የአይሁድና የክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ነቢያትን የሚያቀርቡበት መንገድ ማንኛውንም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ነው። ነቢያቱ ይቆጣሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ሞትን ይመኛሉ፣ ከተላኩበት ይሸሻሉ። ተራኪውም አይሸፍንላቸውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ ኮርሱ አይደለም። የራሴ ቁጣ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ለማስተማር ልምምድ (እኛ በለመድነው አጠራር ለፕራክቲከም) ከሮቤ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። ጊዜው የቦና ሰብል የሚሰበሰብበት ነው። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል፤ የበልጉ «ገና»፣ የመኸሩ «ቦና» ይባላል። ኮምባይነሩ ስንዴውን አጭዶ ሲያልፍ ልጆች ከኋላው ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ ከብቱም ገለባው ላይ ይለቀቃል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ክፍሉ ጎዶሎ ነው፤ የመጣውም ልጅ ቢሆን እንቅልፉን ያልጠገበ ነው።

ከ6ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ለሦስተኛ ጊዜ የቤት ሥራ ሳይሠራ መጣ። ደብተሩን ስገልጠው የቤት ሥራው መኖር በነበረበት ገጽ ላይ ኮምባይነር ሥሎበታል፤ ጎማው፣ መሰላሉ፣ የሾፌሩ ወንበር ሳይቀር። ክፍሉ ሳቀ። በእኔ የሳቀ መሰለኝ። ታዛቢ መምህሩ ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው ነጥቤን ይሞላሉ። ምን ልበላችሁ፣ ደብተሩን ለሁለት ቀደድኩት። አማርኛ እንዲህ አይቀለድበትም እያልኩ ጮህኩ።

ልጁ አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ቅዳጁን ከወንበር ሥር ለቃቀመ። አንዱን ደብተር ለሦስት ትምህርት እንደሚጠቀምበት ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሒሳቡም ሳይንሱም አብሮ ተቀዷል። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፤ እኔም እኮ አልመታሁትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ታዛቢው መምህርም «የክፍል አያያዝ» በሚለው ሥር ጥሩ ነጥብ ሰጥተውኛል። ይሄ ነው የባሰው።

ያን ሰሞን አንድ ምሽት ቤት ተከራይተን አብረን ለምንኖረው ጓደኛዬ ነገሩን አጫወትኩት። የጊኒር ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው።

«ነቢ ሙሳም ጽላቶቹን ጥለዋል እኮ» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ።

«ሰበራቸው አይደል?»

«ጣሏቸው። ቁጣቸው ሲበርድ ደግሞ አነሷቸው። ሱረቱል አዕራፍ ላይ እንደዚያ ነው።»

«በእኛው ግን ተሰብረዋል» አልኩት። (እግረ መንገዴን፣ እሱ ነቢያትን አንቱ ይላል፤ እኔ ያደግኩት አንተ እያልኩ ነው። ይህ ትንሽ የሰዋስው ልዩነት ትመስላለች፤ ኋላ እንደምንመለስበት ግን ትንሽ አይደለችም።)

እንግዲህ መብራት በጠፋበት በዚያ ምሽት ሻማ ለኩሼ ኦሪት ዘፀአትን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ።

በምዕራፍ 32 ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ሁለቱን ጽላቶች ይዟል። ተራኪው እዚህ ላይ አይቸኩልም። ጽላቶቹ የእግዚአብሔር ሥራ መሆናቸውን፣ ጽሕፈቱም የእሱ መሆኑን፣ በፊትም በኋላም የተጻፈባቸው መሆኑን ይዘረዝራል። ይህን ሁሉ የሚነግረን ሊሰበሩ ሦስት አራት ቁጥር ሲቀር ነው፤ የሚጠፋውን ነገር ዋጋ አስቀድሞ እያሳወቀን ነው ማለት ነው። ሙሴ ጥጃውንና ጭፈራውን አየ፣ ተቆጣ፣ ጣላቸው፣ ከተራራው ግርጌ ተሰበሩ። ቁጣው ያለ ምክንያት ነበር የሚል የለም። በዚያው ቀን 3,000 ያህል ሰው በሌዋውያን ሰይፍ መውደቁም ተጽፏል፤ ይህን ክፍል ዛሬም ሳነበው ይከብደኛል፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምፈታውም አይደለም።

እኔን ያስቆመኝ ምዕራፍ 34 ነው። እግዚአብሔር ሙሴን እንደ ፊተኞቹ ያሉ ሌሎች ጽላቶችን ጠርቦ እንዲያመጣ ሲያዝዘው፣ ፊተኞቹን የሰበራቸው ራሱ ሙሴ መሆኑን በዚያው አያይዞ ይናገራል። ወቀሳ አይመስልም፤ ግን ተነግሯል። የመጀመሪያዎቹን እግዚአብሔር ሠርቶ ሰጥቶት ነበር። አሁን ግን ድንጋይ ጠርቦ፣ ጠዋት በማለዳ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው የሰበረው ሰውዬ ነው። ጽሕፈቱ ብቻ ያው ከላይ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በጥምቀት ሮቤም ሆነ ጎባ ታቦት ሲወጣ የምናየው መጎናጸፊያውን እንጂ ጽላቱን አይደለም። ጽላት የመቅረጽ ሥርዓት ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ይህንኑ ዘፀአት 34ን ነው። በሌላ አነጋገር፣ እልል እያልን የምናጅበው ሥርዓት መነሻው ከቁጣው በኋላ በሰው እጅ የተጠረበው ድንጋይ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ ስብርባሪዎቹስ የት ደረሱ ብለው ጠይቀዋል። በታልሙድ እንደሚነገረው ስብርባሪዎቹ አልተጣሉም፤ ከሙሉዎቹ ጋር በአንድ ታቦት ውስጥ ተቀመጡ። ከዚህም ተነስተው የተማረው በእርጅና የጠፋበትን ሊቅ አታዋርዱት ይላሉ፤ እሱም እንደ ስብርባሪው ጽላት ነውና።

በዚሁ በሁለተኛው ጊዜ እግዚአብሔር በሙሴ ፊት አልፎ ባሕርዩን ሲያውጅ ከሚጠራቸው ነገሮች አንዱ ለቁጣ የዘገየ መሆኑ ነው። ይህን የሚሰማው ማን ነው? ያ የተቆጣው ሰው። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ዮናስ ዘንድ ስንደርስ እንደገና እናገኘዋለን።

የሙሴ ቁጣ የመጨረሻ ዋጋ ያስከፈለው ግን እዚያ አይደለም፣ በመሪባ ውኃ ነው። ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 20 የሚጀምረው በእህቱ በማርያም ሞት ነው። ሞተች፣ ተቀበረች ይልና ወዲያው ውኃ ጠፋ ይላል። በዚሁ ምዕራፍ መጨረሻ ለአሮን 30 ቀን እንደተለቀሰ ተጽፏል፤ ለእሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀሰም። ሕዝቡ የመጣው እህቱን በቀበረ፣ 120 ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ሽማግሌ ላይ ነው። ሙሴ የታዘዘው በትሩን ይዞ ዓለቱን እንዲናገረው ነበር። እሱ ግን ዓለቱን ትቶ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ዓመፀኞች ብሎ ጠራቸው፣ ውኃ እናወጣላችሁ ዘንድ ነው ወይ የምትፈልጉት በሚል ዓይነት አፋጠጣቸው፣ ከዚያም ዓለቱን ሁለት ጊዜ መታ። ውኃው ወጣ፤ ብዙ ውኃ። ነቢዩ ቢያጠፋም የተጠማው ሕዝብ ከነከብቱ ጠጣ። ሙሴ ግን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንደማይገባ ተነገረው፤ በዘዳግም መጨረሻ ከናባው ተራራ አሻግሮ አይቷት እዚያው ሞተ። መዝሙር 105ም ሕዝቡ እንዳስቆጡት፣ እሱም በከንፈሩ እንደተሳሳተ ያስታውሳል።

ለአንዲት ቁጣ ይህን ያህል? ይህን የጠየቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ራሺ (1040–1105) የተባለው የፈረንሳይ አገር አይሁዳዊ ተርጓሚ ጥፋቱ ተናገር ተብሎ መምታቱ ነው ይላል። በ1204 ግብፅ ውስጥ ያረፈው ፈላስፋና ሐኪም ማይሞኒደስ ደግሞ «ስምንቱ ምዕራፎች» በተባለው ሥራው ጥፋቱ ራሱ ቁጣው ነው ባይ ነው። የሚያቀርበው ምክንያት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሕዝቡ የሙሴን እያንዳንዱን ነገር እንደ ምሳሌ ያየዋል፤ ስለዚህ ሙሴ ሲቆጣባቸው እግዚአብሔር ተቆጥቶናል ብለው ያስባሉ። ጽሑፉን ተመልሰን ብናየው ግን በዚያ ቦታ ውኃ በመጠየቃቸው እግዚአብሔር ተቆጣ የሚል የለም። ያዘዘው ሕዝቡንና ከብቶቹን እንዲያጠጣ ነው። ቁጣው የላኪው አልነበረም፣ የመልእክተኛው ብቻ ነበር።

ናሕማኒደስ (1194–1270) ይህን አይቀበልም። ጽሑፉ የሚከስሰው አላመናችሁም ብሎ እንጂ ተቆጣችሁ ብሎ አይደለም፤ ደግሞስ አሮን መቼ ተቆጣና ነው አብሮ የተቀጣው ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ የአሮንን ጥያቄ እኔም መመለስ አልቻልኩም። ቢሆንም ልቤ ወደ ማይሞኒደስ ያደላል። ምክንያቱን ደብቄ ምን አደርጋለሁ? አማርኛ እንዲህ አይቀለድበትም ብዬ ጮህኩ አልኳችሁ አይደል። አማርኛ ግን አልተቆጣም ነበር። ያ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የሚያገኘው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ እንደ እኔ ባለ ሰው አፍ ነው። ለእሱ የተቆጣው እኔ ልሁን ቋንቋው በምን ይለያል?

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ታሪክ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 አለ። ሦስት ነገሥታት በዘመቻ ላይ ውኃ አልቆባቸው ወደ ኤልሳዕ ይመጣሉ። ኤልሳዕ የእስራኤልን ንጉሥ ሲያይ ይቆጣል፤ የይሁዳው ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ባይኖር ኖሮ ቀና ብሎ እንኳ እንደማያየው በግልጽ ይነግረዋል። ከዚያ ግን ወዲያው ትንቢቱን አይናገርም። በመጀመሪያ ባለ በገና አስጠራ። በገናው ሲደረደር ነው የእግዚአብሔር እጅ የመጣችበት። የታልሙድ ሊቃውንት ይህን ታሪክ ይዘው ነቢይ ሲቆጣ ትንቢት ይርቀዋል ብለዋል። እኔ በገናን የማውቀው በዐቢይ ጾም ነው፤ ነቢይ ቁጣውን ያበረደበት መሣሪያ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር። (ይኸው ኤልሳዕ ራሰ በራ ብለው የሰደቡትን ልጆች ረግሞ ሁለት ድቦች 42ቱን እንደሰባበሯቸውም ተጽፏል። ይህንን እንኳ ለ6ኛ ክፍል አልተርክም።)

ወደ ዮናስ እንምጣ። ልጅ ሳለሁ ጎባ አያቴ ቤት ጾመ ነነዌ ሲገባ እናውቅ ነበር። ሦስት ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከጥር 17 ቀድሞ አይገባም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። የሰኔቲ ብርድ ወደ ከተማው የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ አያቴ እሳት ዳር ተቀምጣ የዮናስን ታሪክ ትነግረን ነበር። እኛ ልጆቹ የምንወደው ዓሣ አንበሪውን ነው። ዓሣው ተፋው፣ ሄዶ ሰበከ፣ ሕዝቡ ከነከብቱ ጾመ፣ ከተማዋ ዳነች፤ አለቀ። ብዙዎቻችን ዮናስን የምናውቀው እስከዚህ ይመስለኛል። መጽሐፉ ግን አራት ምዕራፍ ነው፣ አራተኛው ደግሞ ስለ ኩርፊያ ነው።

ነነዌ በመዳኗ ዮናስ እጅግ ተቆጣ። ያቀረበው አቤቱታ በዓለም ላይ ካሉ አቤቱታዎች ሁሉ እንግዳው ሳይሆን አይቀርም። አገሬ ሳለሁ የሸሸሁት ለዚህ ነበር፣ አንተ መሐሪ፣ ለቁጣም የዘገየህ መሆንህን አውቄ ነበር ይላል። አያችሁ? ለሙሴ በሁለተኛው ጽላት ጊዜ የታወጀው ባሕርይ ነው። ሙሴ የሰማው እንደ ምሕረት ነበር፤ ዮናስ ያንኑ ቃል መልሶ ክስ አደረገው። በመሪባ ነቢዩ ተቆጣ፣ እግዚአብሔር አልተቆጣም። እዚህ ደግሞ ነቢዩ የተቆጣው እግዚአብሔር ስላልተቆጣ ነው።

እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። መቆጣትህ ተገቢ ነውን በሚል ጠየቀው። ዮናስ አልመለሰም፤ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወጥቶ ዳስ ሠርቶ ምን እንደሚደርስባት ለማየት ተቀመጠ። ቅል በቀለለት፣ ጥላ ሆነው፣ ደስ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ዮናስ ደስ አለው የተባለው በዚህች ቅል ብቻ ነው! ትል መታት፣ ደረቀች፤ አሁንም ሞትን ለመነ። ያን ጊዜ ያው ጥያቄ ተደገመለት። አንተ ላልተከልካት ቅል ታዝናለህ፤ እኔ ታዲያ ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎች፣ ለብዙ ከብቶችም አላዝንም ወይ ይላል። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ዮናስ ምን እንደመለሰ፣ አገሩ ይግባ አይግባ አልተነገረንም። በኮርሳችን ክፍት አጨራረስ የምንለው ዓይነት ነው። አይሁድ ይህን መጽሐፍ በዓመቱ ታላቅ ጾማቸው በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ ያነቡታል፤ እኛም በጾም እናስታውሰዋለን። ሁለቱም ወገን ለንስሐ ቀን የመረጠው ነቢዩ የሚያኮርፍበትን መጽሐፍ መሆኑ ይገርመኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኤልያስ 450 የበኣል ነቢያትን ካስገደለ በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ነፍሴን ውሰዳት አለ። እኛ በየገደሉ የምናውቃት ክትክታ! መልአኩም ስብከት አላበዛበትም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ብላ አለው። ኤርምያስ የተወለደባትን ቀን ረገመ። በሐዲስ ኪዳንም ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተካርረው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ኤልያስን ሲያነሳ እንደ እኛው ያለ ሰው ነበር ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ሳነብለት ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ዳዊትና የኦርዮ ሚስት ላይ ስደርስ ግን ፊቱ ተቀየረ። «ይህን ስለ ነቢ ዳውድ ማለት ይከብዳል፣ ወንድሜ» አለኝ። እንደገለጸልኝ በእስልምና ትምህርት ነቢያት ከኃጢአት የተጠበቁ ናቸው፤ ዒስማ ይሉታል። ነቢ ዩኑስ ተቆጥተው መሄዳቸው በሱረቱል አንቢያ ተጠቅሷል፤ በጨለማው ውስጥ ሆነው በዳይ ነበርኩ ብለው መለመናቸውም እንዲሁ። ይህ ግን እንደ እሱ አባባል ወዲያው የታረመ መንሸራተት ነው። መልእክተኛው ካልታመነ መልእክቱን ማን ያምነዋል ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ ደግሞ መልእክቱ እኮ የታመነው የመልእክተኛው ጥፋት ስላልተደበቀ ነው አልኩት። ቤተ መንግሥት ያስጻፈው ታሪክ የንጉሡን ቁጣ ፍትሕ ነው የሚለው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «የእናንተስ ገድል?» አለኝ። እዚህ ላይ ያዘኝ። እውነት ነው፣ በየንግሡ የምንሰማው ገድል ስለ ቅዱሱ ተጋድሎና ተአምር እንጂ ስለ ኩርፊያው አይደለም፤ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚወርደው ተጓዥም የሚያወድሰው ተአምራቱን ነው። አያቴም ብትሆን አንድ ጻድቅ አኮረፈ ቢሏት አትወድም። ስለዚህ አንቱታው የእሱ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ቤት አለ። ኦሪቱ ነው ከሁላችንም የሚለየው። በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ ሻማውም አለቀ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከሮቤ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። ከሁለት የክፍል ጓደኞቹ ደብተር ተውሼ አማርኛውን፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን ገለበጥኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ የልጅ እጅ ጽሕፈት ማንበብ ከባድ ነው። ሰኞ ለእሱ የሰፈር ልጅ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ግን የሰበረው ሰውዬ ራሱ ተሸክሞ ነው የወጣው። ከትምህርት በኋላ ሄጄ ገለባው ላይ ከብት ሲጠብቅ አገኘሁት። አጠፋሁ አልኩት፤ በሰባራ ኦሮምኛዬ። ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አየው። የድሮውን ቅዳጅ በፌስታል አድርጎ ከምሳ ዕቃው ጋር ይዞት ነበር፤ አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ኮምባይነሩስ አለኝ።

እሱን መሣል አልችልም አልኩት።